ምን አቆመው?

ጥቅምት 23

ማሽላው ፍሬ ይዟል። በዚህ ሰሞን አምባሰል ቆላው ላይ ከልጅ እስከ አዋቂ ሥራው ወፍ ጥበቃ ነው። ግሪሳ ከአንዱ ማሳ ሲነሣ ሌላው ላይ ይሰፍራል፤ ባለ ማሳዎቹም ከማማ ማማ እየተጠራሩ ይቀባበሉታል። ከውጫሌ ወረድ ብሎ ካሉት ዘመዶቼ ዘንድ አድሬ ጠዋት ወደ ማሳው ስወጣ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያሽከረክራል። የወንጭፉን አንድ ጫፍ ቀለበት አድርጎ መሃል ጣቱ ላይ አጥልቆታል፤ ሌላውን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ይዞታል። ጥቂት ጊዜ ካዞረ በኋላ የቆነጠጠውን ብቻ ይለቃል። ድንጋዩ ይሄዳል፣ ወንጭፉ እጁ ላይ ይቀራል።

«ድንጋዩ የት ሲደርስ ነው የምትለቀው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ እጄ ነው የሚያውቀው።»

እጁ የሚያውቀውን ቆሜ አየሁ። የሚለቀው ድንጋዩ ከፊቱ፣ በወፎቹ አንጻር ሲደርስ አይደለም፤ ገና ከጎኑ ሳለ ነው። የተለቀቀ ድንጋይ በተለቀቀባት ቅጽበት ይዞት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ክብ ሥዬ «ገመዱ ቢበጠስ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ስጠይቅ ብዙው ተማሪ ከመሃል ወደ ውጭ የሚያመለክት ቀስት ይሥላል። በዚያ ሥዕል የሚወረውር ወፍ ጠባቂ ቢኖር ማሽላውን አስበልቶ ይገባ ነበር።

ስሌቱን እዚሁ ላስቀምጠው። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወንጭፍ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ቢዞር ድንጋዩ በሰከንድ 15 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ድንጋዩ 100 ግራም ከሆነ ገመዱ ወደ መሃል የሚስበው በ28 ኒውተን ገደማ ነው፤ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ ቢንጠለጠልበት የሚሸከመውን ያህል ማለት ነው። ዙሩ እኩል እስከሆነ ድረስ ያ ስበት ድንጋዩን አያፈጥነውም፣ አያዘገየውምም፤ አቅጣጫውን ብቻ በየቅጽበቱ ያጥፍበታል። ሲለቀቅ ደግሞ «ወደ ውጭ» የሚገፋው ማንም የለም። የሚያጥፈው ስለጠፋ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ በቃ።

ኅዳር 4

ሐይቅ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ። በቀጥተኛ መስመር ላይ ስለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚያወራው ምዕራፍ ወደ ማለቂያው ነው፤ የሚቀጥለው አራተኛው ምዕራፍ ኃይል፣ ሥራ፣ ኢነርጂና ፓወር ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት። ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። ለምን ቆመ?

«ኃይሉ አለቀበት ቲቸር።»

ይህን መልስ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። «ጠረጴዛው አቆመው» የሚል ግን አይገኝም። ጠረጴዛ ምን ሲያደርግ ታየ? ተቀምጧል እንጂ! የገፋው እጅ ታይቷል፤ ያቆመው ፍትጊያ ግን አልታየም። ስለዚህ ለመሄዱም ለመቆሙም ተጠያቂው እጁ ይሆናል።

ነገሩ የሐይቅ ልጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፦ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ሄስቴነስና ባልደረቦቹ ምንም ስሌት የሌለበት፣ ምርጫ ብቻ ያለው የኃይልና የእንቅስቃሴ ፈተና አሳትመው ነበር። ቀመሩን አሳምረው የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብዙ ጥያቄ ላይ የእኔን ተማሪዎች መልስ ሲመርጡ ተገኙ።

ኅዳር 20

ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ቆመ። ረዳቱ መኪናው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ወሸቀ፤ ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው፣ ከዚያ «ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተደገፈ። መቶ ሜትር ሲሄዱበት ስድስት ሜትር የሚያወጣ ዳገት ላይ አሥር ቶን መኪና ወደ ኋላ የሚጎተተው ስድስት መቶ ኪሎ በሚመዝን ኃይል ነው። ያችን ታኮ ስድስት ኩንታል ተጭኗታል፤ እሷም በዚያው ልክ ትመልሳለች። ከውጭ የሚያይ ምንም ነገር እየሆነ አይመስለውም።

ማታ ጎረቤቴን በረንዳው ላይ አገኘሁት። ዕድሜውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁ እኔ ዘንድ ትማራለች።

«መምህር፣ ልጄ ያልካትን ነገረችኝ። የሚሄድ ነገር ካልነኩት እየሄደ ይኖራል ትላለህ አሉ።»

«እላለሁ ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ ሜዳ ላይ ስድሳ ይዤ ስሄድ ነዳጅ የምረግጠው ለምንድን ነው? እግሬን ባነሣ ወላሂ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ይቆማል።»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ክፍሌ ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። አየሩ ከፊት ይገፋዎታል፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲተጣጠፍ ይይዝዎታል፣ ካምቢዮውና ኩሽኔታው በበኩላቸው ይፋተጋሉ አልኩት። የሚረግጡት ናፍጣ የእነዚህን ሂሳብ ይከፍላል። ከፍሎ ጨርሶ እኩል ሲሆን መኪናው ላይ የቀረ ኃይል የለም፤ ስድሳም በስድሳነቱ ይቀጥላል። ከዚያ በላይ ከረገጡ ይፈጥናል፣ እግርዎን ካነሡ ይዘገያል። ታኮ ላይ የቆመው አይሱዙና ሜዳ ላይ ስድሳ ይዞ የሚሄደው የእርስዎ መኪና በኒውተን መዝገብ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ያሉት ኃይሎች ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ።

ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየ። «የቆመውና የሚሄደው አንድ ነው ስትል ግን ትራፊክ ፖሊስ እንዳይሰማህ» አለኝ።

ታኅሣሥ 6

ከተማው ስሙን ከውሃው ወስዷል፤ ልጆቹ ግን አብዛኞቹ ውሃውን ከዳር ነው የሚያውቁት። ነፋስ ሳይነሣ ጥቂት ተማሪዎች ይዤ ወረድኩ። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቅ የሆነው ቦታው ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከላዩ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ማለዳ ላይ ዝም ያለ ነው፤ ለእኔ ትምህርት ደግሞ ዝምታው ያስፈልገኛል።

አንድ ዓሣ አስጋሪ በጀልባው ሊያሳየን ፈቀደ። ትንሽ እንዲቀዝፍ፣ ከዚያ መቅዘፊያውን ከውሃው አውጥቶ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ለመንኩት። አደረገው። ጀልባዋ ሄደች። ልጆቹ ጮክ ብለው ሰከንድ ይቆጥሩ ጀመር፤ ቆጠራው እየረዘመ ሲመጣ ሳቅ ገባበት። መቅዘፊያው ጭኑ ላይ ነው፣ ውሃው ከጫፉ ይንጠባጠባል፣ ጀልባዋ ግን እየሄደች ነው።

«ማን እየገፋት ነው?» አልኩ።

አንዷ ልትመልስ አፏን ከፍታ ተወችው። የመለሰው ከጀልባው ላይ ራሱ አስጋሪው ነው፤ «ማን ይገፋታል? ውሃው ነው የሚያቆማት፣ እሱም ቀስ እያለ።»

አራተኛውን ምዕራፍ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰልኝ። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ክንድ በላይ አልሄደም፤ ጀልባዋ ግን ፍትጊያው ስላነሰ ብዙ ሄደች። ፍትጊያው እያነሰ፣ እያነሰ ቢሄድስ? ጋሊልዮ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ኳስ እያንከባለለ የጠየቀው ይህንኑ ነው። መልሱን ማንም በዓይኑ አላየውም፤ ፍትጊያ ጨርሶ የሌለበት ቦታ ምድር ላይ አይገኝምና። ወዴት እንደሚያመራ ግን ከደብተሩና ከጀልባዋ መገመት ይቻላል።

ኋላ እኛም ተሳፍረን ስንመለስ ከልጆቹ አንዱ ቸኩሎ ከጀልባዋ ወደ ዳር ዘለለ። እሱ ወደ ዳር ሲሄድ ጀልባዋ ወደ ውሃው ሄደች፤ እግሩ መሬት ሳይደርስ እስከ ጉልበቱ ሐይቅ ውስጥ ገባ። «ከዳችኝ!» ብሎ ጮኸ። አልከዳችውም። ስድሳ ኪሎ ልጅ በሰከንድ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ከዘለለ፣ መቶ ሃያ ኪሎ ጀልባ በሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ትሸሻለች። ጀልባዋን ሳይገፋ ከእሷ የሚዘልበት መንገድ የለም። አስጋሪው ለእንግዳ ሁሉ «መጀመሪያ ትታሰር» የሚለው ለዚህ ነው፤ ሦስተኛውን ሕግ በገመድ ያስከብራል።

ታኅሣሥ 15

«ኃይሉ አለቀበት» ሞኝ መልስ አይደለም፤ ትልቅ ባለቤት አለው።

አርስቶትል የተወረወረ ነገር ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚሄደው አየሩ ከኋላ እየገፋው ነው ይል ነበር። በ517 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ክርስቲያን ሊቅ በአርስቶትል ፊዚክስ ላይ ትርጓሜ ሲጽፍ ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። ድንጋዩን አስቀምጠን ከኋላው አየሩን በስንትና ስንት መሣሪያ ብንነዳበት አንድ ክንድ እንኳ አይሄድም ብሎ ተከራከረ። ይልቅስ ወርዋሪው ለድንጋዩ አንድ ኃይል ይሰጠዋል፤ ያ ኃይል እየደከመ ሄዶ ሲያልቅ ጉዞውም ያበቃል አለ። የእኔ ክፍል ከዚህ የተለየ ምን አለ?

ፊሎፖኖስ የኬልቄዶንን ውሳኔ ካልተቀበሉት ወገን ነበር፤ ኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው ተወገዘ እንጂ። እስክንድርያ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ ስም አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዚህ ከተማ አጠገብ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ገዳም አቅንተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ፣ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላከው ከዚያው መንበር ነበር።

ከፊሎፖኖስ በኋላ ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፦ ተወርዋሪው የተሰጠውን ግፊት የሚያደክምበት ነገር በሌለበት ባዶ ስፍራ ውስጥ ግፊቱ አያልቅም። እዚህ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፍቷል ማለት ይቻላል። ኒውተን መጽሐፉን ያሳተመው በ1687 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ከነገሡ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኒውተን ሕግ ጉዞውን ከኃይል ለየው። ድንጋዩ የያዘው ኃይል ሳይሆን ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ለመቀጠል ምክንያት አይጠይቅም። ምክንያት የሚጠየቀው ሲጨምር፣ ሲቀንስ ወይም ሲታጠፍ ነው።

ከፊሎፖኖስ እስከ ኒውተን 1,170 ዓመት ይሆናል። ለእኛ የተሰጠን ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ሩሩ በገናው ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አጭር ነው፤ ንኪኪውም እንደዚያው አጭር ነው። መቶ ግራም ሩር በሰከንድ 20 ሜትር እንዲወጣ፣ ንኪኪው 0.002 ሰከንድ ብቻ ከቆየ ኃይሉ 1,000 ኒውተን ይደርሳል። የአንድ ኩንታል ክብደት መሆኑ ነው! ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ለምን እንደዚያ እንደሚያስጮህ ከዚህ ይገባል።

ሩሩ ሳር ያለበት ላይ ቶሎ ይቆማል፤ የተረገጠና የደረቀ መሬት ላይ ይርቃል። ምቱ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሚያቆመው ነው።

ጥር 14

አምባሰል፣ አውድማ ላይ። ጤፉ ተበራይቷል፤ ነፋስ እየተጠበቀ ነው። ነፋሱ መጣ ሲባል አጎቴ ላይዳውን አነሣ። ከፍ አድርጎ ይበትነዋል፤ ገለባው ወደ ጎን እየተንሳፈፈ ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። ነፋሱ ሲደክም እሱም ያቆማል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። የአንድ ሰው ትንፋሽ የሚያህል ነፋስ እንኳ አያባክንም።

ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል የሚለው እምነት ከዚህ አውድማ ቢወለድ አይገርምም፤ በዓይን የሚታየው እንዲያ ነውና። ሥራውን የሚሠራው ግን ክብደት ብቻውን ሳይሆን የክብደትና የአየር ጥል ነው። ገለባው ሰፊና ቀላል ስለሆነ ነፋሱ ያሸንፈዋል፤ ፍሬው ለመጠኑ ከባድ ስለሆነ ያው ነፋስ ብዙ አያነቃንቀውም። አየሩን ብናነሣው ሁለቱ እኩል ይወድቃሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ እኩል ደረሱ።

ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። ላይዳውን ተደግፎ ሰማኝና «እንዲያ ከሆነ ጨረቃ ላይ ጤፍ አይዘራም፤ በምን ሊያነፍሱት ነው?» አለኝ። ትክክል ነው። ጨረቃ ላይ ምርትና ገለባ አይለያዩም።

ጥር 21

የሴሚስተሩን ፈተና አረምኩ። ቀመሩን ያልጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ ቁጥር አስገብተው ሲያወጡም ደህና ናቸው። «ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ሲደርስ ምን ኃይል አለበት?» ላይ ግን ብዙዎች «ምንም» ብለዋል። ድንጋዩን የሚመልሰው ያው የመሬት ስበት ሲሄድም ጫፍ ላይም ሲመለስም አልተለየውም። ለአንድ ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ኃይሉም ዜሮ መስሏቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ደነገጠ። በእኔ እምነት ድክመቱ ከ12ኛ ክፍል አይጀምርም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቀመሩ ከነገሩ ቀድሞ ሲሰጥ ይጀምራል። ወንጭፍ ይዞ ያደገ ልጅ ስለ ወንጭፍ የተጠየቀው ሳይገባው ሲወጣ የተበላሸው ትምህርቱ ነው፣ ልጁ አይደለም።

ጥር 27

ጎረቤቴ ከኮምቦልቻ ተመልሶ ገባ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶ የተገለበጠ መኪና አይቶ መጥቷል፤ ሹፌሩ ነፍሱ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ሻይ ይዘን ተቀመጥን።

«የፍሬኑ ሸራ ነዶ ነው» አለኝ። «ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ልጆቹ ቁልቁለት ሲጀምር ዜሮ ማርሽ ያስገባሉ፣ ነዳጅ ቆጠብን ይላሉ።»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሃሉ ቁልቁለቱን ስድስት መቶ ሜትር ብንለው፣ አሥር ቶን መኪና ሲወርድ ከስበት የሚያገኘው ጉልበት ወደ 59 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። መኪናው ታች ሲደርስ ያ ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ አየሩና ጎማው ጥቂቱን ይወስዳሉ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ያለ መኪና የቀረውን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ሙቀት ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ማርሽ ሲከብድ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ፍሬኑም ያርፋል። ነዳጁ ቢሆን ከሞላ ጎደል የሚቆጠብ ነገር የለውም፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ የሚወርድ ሞተር ናፍጣ የሚወስደው ለስሙ ነው፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ያለው ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል።

ሌላም ነገረኝ፤ «ከፊታቸው ያለውን መኪና ተጠግተው የሚከተሉትን ነው የምፈራው።» ልክ ነው። ደህና ፍሬን ያለው መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ሲሄድ ከረገጠ በኋላ 12 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ 80 ሲሄድ ግን 49 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ይሆናል። ሹፌሩ እስኪያስተውልና እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ያለፈው መንገድ ገና አልተቆጠረም።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሹፌር ካለ፦ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አክብደው፤ ከፊትህ ካለው መኪናም ራቅ በል። ተሳፋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሐረጎ ላይ መኪናው ዜሮ ማርሽ ገብቶ ሲንደረደር ከሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ ለሹፌሩ ንገሩት።